በናጋሺኖ የታኬዳን ጦር ያሸነፈው የሦስት ረድፍ ተኩስ ነውን?

ጥያቄ፦ «እ.ኤ.አ. በ1575 በጃፓን በናጋሺኖ በተደረገው ውጊያ ኦዳ ኖቡናጋ 3,000 ጠመንጃ ያዦችን በሦስት ረድፍ አሰልፎ፣ በተራ በተራ እያስተኮሰ የታኬዳን ፈረሰኞች በአንድ ቀን እንደፈጃቸው አንብቤአለሁ። ይህ በእርግጥ የሆነ ነው? ከሆነስ፣ የታኬዳው መሪ ካትሱዮሪ ያን ሁሉ ጠመንጃ እያየ ሠራዊቱን ወደ አጥሩ የነዳው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ውጊያው ተደርጓል፤ የኖቡናጋ ተቀናቃኝ የነበረው የታኬዳ ባላባት ቤት ጦር ክፉኛ ተመትቷል፤ ጠመንጃም በዚያ ቀን ከባድ ድርሻ ነበረው። የሦስቱ ረድፍ ተራ ተኩስ ግን በዘመኑ በነበረና ነገሩን በቅርብ በሚያውቅ ጸሐፊ አልተመዘገበም። የምናገኘው ውጊያው ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ በተጻፈ መጽሐፍ ነው። በእኔ እምነት የናጋሺኖን ውጤት የወሰነው የተኩስ ብልሃት ሳይሆን፣ ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናትና በመጨረሻዋ ሌሊት በቦታ አያያዝ ላይ የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ጥያቄዎችዎ ሁለተኛው ይበልጥ ወደ ነገሩ ሥር ያደርሰናል፤ ይሁንና አስቀድሜ የመጀመሪያውን ልመልስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ውጊያው ካሉን ምስክሮች ሁሉ የላቀ ክብደት የሚሰጠው ኦታ ግዩኢቺ የተባለው የኖቡናጋ አገልጋይ የጻፈው የጌታው ዜና መዋዕል ነው። ኦታ ቀስተኛ ወታደር ነበር፤ ማስታወሻ የመያዝ ልማድ ነበረው፤ ያላየውን ነገር ለማስጌጥም ብዙ አይቸኩልም። እርሱ የሚለው፣ ኖቡናጋ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ጠመንጃዎችን ሳሳ ናሪማሳንና ማኤዳ ቶሺኢየን ጨምሮ በአምስት አለቆች ሥር እንዳደረገ ነው። በአንደኛው የእጅ ጽሑፍ ላይ «አንድ ሺህ» ከሚለው አጠገብ «ሦስት» የሚል ፊደል በትንሹ ተጨምሮ ይታያል፤ መቼና በማን እንደተጨመረ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ሦስት ሺህ ጠመንጃ በሦስት ተከፍሎ፣ ሺህ በሺህ እየተፈራረቀ ይተኩስ ነበር የሚለው ትረካ ግን የመጣው ከኦዜ ሆአን ነው። ይህ ሰው ሐኪምና የኮንፊሽየስ ትምህርት አዋቂ ሲሆን፣ በ17ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኦታን ሥራ ተንተርሶ ለአንባቢ የሚጥም፣ ትምህርትም የሚሰጥ ታሪክ ለማዘጋጀት ተነሣ። መጽሐፉ በኅትመት ተሰራጨ፤ የኦታ ሥራ ግን ለረጅም ጊዜ በእጅ ጽሑፍ ብቻ ቆየ። በመጨረሻም በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ የጃፓን ንጉሣዊ ጦር ጠቅላይ ኤታ ማዦር ሹም መሥሪያ ቤት ባሳተመው የአገሪቱ የጦርነቶች ታሪክ ውስጥ የኦዜ ትረካ እንደ ተረጋገጠ ነገር ገባ፤ ከዚያም ወደ ትምህርት ቤት መጽሐፍ፣ ወደ ፊልምና ወደ ሌሎች አገሮች ድርሰቶች ተሻገረ።

ይህን ስል ግን ቁጥሩን ብቻ ይዞ «ሦስት ሺህ ጠመንጃ በዚያ ዘመን ሊኖር አይችልም» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ጠመንጃ ጃፓን የገባው በ1543 ሲሆን፣ በታኔጋሺማ ደሴት ባረፉ ፖርቱጋላውያን እጅ ነው። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በእኛ አገር በወይና ደጋ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር የተሰለፉት ነፍጥ ያዦችም የመጡት ከዚያው ከፖርቱጋል የባሕር መስፋፋት ነበር። በጃፓን የኩኒቶሞ፣ የሳካይና የኔጎሮ አንጥረኞች ሥራውን ፈጥነው ተማሩ። ከናጋሺኖ 5 ዓመት በፊት፣ በ1570፣ በኦሳካ አጠገብ በተደረገው ዘመቻ የኔጎሮና የሳይካ ሰዎች ሦስት ሺህ ጠመንጃ ይዘው እንደመጡ ኦታ ራሱ ጽፏል። በተጨማሪም ኖቡናጋ ወደ ናጋሺኖ ሲዘምት በሌላ ግንባር ከነበሩት ከሆሶካዋ ፉጂታካና ከትሱትሱይ ጁንኬይ ተኳሾችን አስመጥቷል፤ ሌሎች 500 ጠመንጃዎች ደግሞ ከዚህ በታች በማነሣው የሌሊት ጉዞ ላይ ተልከዋል። የኖቡናጋ አጋር ቶኩጋዋ ኢየያሱም የራሱ ተኳሾች ነበሩት። እንግዲህ የኦታ «አንድ ሺህ» በአምስቱ አለቆች ሥር በግንባር የተመደቡትን ብቻ የሚመለከት ከሆነ፣ በሜዳው ላይ የነበረው ጠቅላላ የጠመንጃ ብዛት ከዚያ ብዙ ይበልጥ ነበር ማለት ነው።

የማይታመነው ነገር ሌላ ነው፤ ይኸውም ሺህ ሰው በአንድ ትእዛዝ መተኮሱ። የኦዳና የቶኩጋዋ መስመር ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋ ሲሆን፣ በኮረብታ እግርና በጅረት ዳር እየተጠማዘዘ የሚሄድ ነበር። ከአንዱ ጫፍ የተሰጠ ትእዛዝ በጩኸትና በባሩድ ጢስ ውስጥ ወደ ሌላው ጫፍ ሊደርስ አይችልም። ጠላትም ቢሆን በመስመሩ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ አልመጣም። የዚያ ዘመን ጠመንጃ በሚጤስ ክር የሚለኮስ፣ በአፈሙዙ በኩል ባሩድና ጥይት የሚጎርስ በመሆኑ፣ የሠለጠነ ሰው እንኳ አንዱን ተኩሶ ሌላውን ለማጉረስ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል፤ ከጥቂት ተኩስ በኋላ ደግሞ ቱቦው በጥላሸት ይሞላል። ስለዚህ አንዱ ሲያጎርስ ሌላው እንዲተኩስ በየጓዱ መፈራረቅ ለማንኛውም ተኳሽ ቡድን የግድ ነበር፤ ይህም በጃፓን የታወቀና የኖቡናጋ ፈጠራ ያልሆነ ልማድ ይመስለኛል። ኦዜ ያደረገው ይህን የየጓዱን መፈራረቅ ወደ አንድ ግዙፍ፣ በአንድ ሰው ፈቃድ ወደሚንቀሳቀስ ሥርዓት ማሳደግ ነው። በውጊያው ሜዳ ላይ እስካሁን የተገኙት የእርሳስ ጥይቶች ጥቂት መሆናቸውን እንደ ማስረጃ የሚያነሡ አሉ፤ እኔ ግን ብዙ አልመካበትም፤ እርሳስ ውድ ነበርና ይለቀማል፣ ሜዳውም ለአራት መቶ ዓመታት ሲታረስና ሲገለበጥ የኖረ የሩዝ ማሳ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልግባ፤ ለዚህም ካትሱዮሪ ማን እንደነበርና በናጋሺኖ ምን ይሠራ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። አባቱ ታኬዳ ሺንገን ከተራራማው የካይ አውራጃ ተነሥቶ ሺናኖንና ሱሩጋን ጠቅልሎ፣ በ1573 መጀመሪያ ላይ በሚካታጋሃራ ቶኩጋዋ ኢየያሱን ድል ካደረገ በኋላ ታሞ የሞተ ታላቅ የጦር መሪ ነበር። ካትሱዮሪ በእናቱ የሱዋ ቤት ተወላጅ ነው፤ ያደገውም የዚያን ቤት ወራሽ ሆኖ ስለነበር፣ የአባቱን ዙፋን ሲወርስ ከአባቱ ሽማግሌ አዝማቾች ፊት ራሱን ማስመስከር ነበረበት። ይህንንም በመጀመሪያ በሚገባ አድርጎታል፤ በ1574 ጽኑ የተባለውን የታካተንጂንን ምሽግ ከቶኩጋዋ እጅ አስለቅቋል። ብዙ ጊዜ እንደሚነገረው የአባቱን ሀብት ያባከነ ደካማ ልጅ አልነበረም።

የናጋሺኖ ምሽግ በሚካዋ አውራጃ፣ ዛሬ የአይቺ ግዛት በሆነው በሺንሺሮ ከተማ ክልል ውስጥ፣ ሁለት ወንዞች በሚገናኙበት ገደላማ ጥግ ላይ የተሠራ ነው። ጠባቂው ኦኩዳይራ ሳዳማሳ ከቤተሰቡ ጋር ለታኬዳ ገብሮ የነበረ፣ ሺንገን ከሞተ በኋላ ግን ወደ ቶኩጋዋ የተመለሰ ወጣት ባላባት ሲሆን፣ ካትሱዮሪ በዚህ ተቆጥቶ በመያዣነት በእጁ የነበረውን የሳዳማሳን ታናሽ ወንድም ሳይቀር አስገድሏል። እንግዲህ በ1575 የበጋ መግቢያ ካትሱዮሪ 15,000 ያህል ሰው ይዞ ምሽጉን ሲከብ፣ በውስጡ የነበሩት 500 ያህል ሰዎች እጃቸውን ቢሰጡ ምሕረት እንደማያገኙ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። የታኬዳ ቤት ከድቶ የሄደን ሰው ሳይቀጣ ቢተው በድንበሩ ያሉት ትንንሽ ባላባቶች ሁሉ አንድ በአንድ ይፈልሱ ስለነበር፣ ካትሱዮሪም ከበባውን በቀላሉ ጥሎ መሄድ አይችልም ነበር። በሁለቱም ወገን የማፈግፈጊያውን በር የዘጋው ይህ የሁለት ዓመት ቂም ነው።

ምሽጉ ስንቁ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ ቶሪ ሱኔኤሞን የተባለ ዝቅተኛ ማዕረግ ያለው ወታደር በሌሊት በወንዙ ዋኝቶ ወጥቶ ኦካዛኪ ደረሰ፤ ኖቡናጋና ኢየያሱም እንደሚመጡ ማረጋገጫ ሰጡት። ሲመለስ በታኬዳዎች እጅ ወደቀ። «ረዳት አይመጣም፣ እጃችሁን ስጡ» ብለህ ከጮኽህ ሕይወትህ ይተርፋል ቢሉት፣ ወደ ቅጥሩ ቀርቦ ረዳቱ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ይደርሳልና ጽኑ ብሎ ተናገረ፤ ሰቅለውም ገደሉት። የታሪኩ ዝርዝር በኋለኞች እጅ ዳብሯል፤ የሰውየው ድርጊት ግን በአካባቢው ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ በታላቅ ክብር ይታሰባል። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ነጥብ፣ ከዚያ በኋላ ምሽጉ በቶሎ እንደማይሰጥና ረዳቱ ጦር መምጣቱ እንደማይቀር ካትሱዮሪ በእርግጠኝነት ማወቁ ነው።

ኖቡናጋ በ30,000፣ ኢየያሱ በ8,000 ሰው ይገመታሉ። ኖቡናጋ ግን ይህን ሁሉ ሠራዊት ይዞ ምሽጉን ለማስለቀቅ በቀጥታ አልሄደም። ከናጋሺኖ በስተ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ሺታራጋሃራ በተባለ ኮረብታና ዝቅታ በሚፈራረቅበት ቦታ ቆመ። ኦታ በግልጽ እንደሚለው ቦታው ዝቅተኛ በመሆኑ ሠራዊቱን ከጠላት ዓይን ለመሰወር ተጠቀመበት፤ ከራሱ ወገን አንድም ሰው እንዳይጎዳበት ያስብ እንደነበርም ይመሰክራል። ፊት ለፊቱ ሬንጎ የተባለች ጠባብ ጅረት ከሰሜን ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ በዳርና በዳሯም የሩዝ ማሳ ነበር፤ ወሩም የዝናብ ወር ነውና ማሳው ጭቃ ነው። ከጅረቷ ኋላ የካስማ አጥር አስተከለ። አጥሩ ፈረስ እንዳያልፍ የሚያግድ ቢሆንም፣ ወታደሮቹ ወጥተው የሚያጠቁባቸው ክፍተቶች ነበሩት። እንዲህ ያለውን ሥፍራ ስመለከት የሚታየኝ ሜዳ ላይ ለመዋጋት የወጣ ጦር ሳይሆን በሦስት ቀን ውስጥ በሜዳ መካከል ምሽግ የሠራ ጦር ነው። ኖቡናጋ ጠላቱን ከበባ ከሚያደርግ ሰውነት አውጥቶ ምሽግ ወደሚያጠቃ ሰውነት ለወጠው፤ ይህም ከማንኛውም የተኩስ ሥርዓት ይልቅ አድናቆቴን የሚስበው ነገር ነው።

ካትሱዮሪ ከወንዙ ባሻገር፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት ያለውን የቶቢጋሱን ኮረብታ ይዞ ወንዙን ከፊቱ አድርጎ ቢቀመጥ ኖሮ ምንም ማድረግ ባልተቻለ ነበር ሲል ኦታ ይፈርዳል። ይህ የጠላት ወገን ፍርድ ስለሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ካትሱዮሪ ግን የተወሰነ ጦር ከበባውን እንዲጠብቅ ትቶ በቀሪው፣ ምናልባት 12,000 በሚሆነው፣ ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሺታራጋሃራ ቀረበ። ለምን? ከውጊያው አንድ ቀን በፊት የጻፈው ደብዳቤ ደርሶናል፤ በዚያም ጠላት የሚያደርገው ጠፍቶት እንደተጨነቀ፣ እርሱም ሳያመነታ በሰፈሩ ላይ እንደሚዘምትና ኖቡናጋንም ኢየያሱንም በአንድ ላይ እንደሚያሸንፍ በልበ ሙሉነት ይናገራል። የተሰወረውን ሠራዊት አላየም፤ ከአጥር ኋላ ተሸሽጎ ወደ ፊት የማይራመድ ጦር ሲያይ ፈሪ መሰለው። ኖቡናጋ በዚያን ጊዜ ከኦሳካው የሆንጋንጂ ገዳም ኃይል ጋርም በጦርነት ላይ ስለነበር ሙሉ ኃይሉን ወደ ሚካዋ ያመጣል ብሎ አለመጠበቁም የሚገርም አይደለም። ሽማግሌዎቹ አዝማቾች እንመለስ ብለው እንደለመኑት የሚተርከው የታኬዳ ወገን ታሪክ ከሽንፈቱ በኋላ የተቀናበረ በመሆኑ፣ በጥርጣሬ ነው የምቀበለው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው ወጥመዱን የዘጋው። የኢየያሱ ታላቅ አዝማች ሳካይ ታዳትሱጉ ከኖቡናጋ ጭምር በተሰጠው ሰው 4,000 ያህል ሠራዊትና ከላይ የጠቀስኳቸውን 500 ጠመንጃዎች ይዞ፣ በሌሊት በደቡብ በኩል በተራራ ዞሮ፣ ጧት በቶቢጋሱ ላይ በነበሩት የታኬዳ የከበባ ምሽጎች ላይ ወረደ። የካትሱዮሪ አጎት ካዋኩቦ ኖቡዛኔ በዚያ ሞተ፤ ምሽጎቹ ተቃጠሉ፤ ከናጋሺኖ ምሽግም ኦኩዳይራ ወጥቶ ከነታዳትሱጉ ጋር ተገናኘ። ከበባው አበቃ። ካትሱዮሪ አሁን ከፊቱ አጥር፣ ከኋላው ጠላት የያዘው ኮረብታና ገደላማ ወንዝ ሆነበት። እንዲህ በተያዘ ሰዓት ሠራዊትን አዙሮ ወንዝ ማሻገር ማለት ከፊት ያለው ከ30,000 በላይ ሰው ጀርባውን እንዲመታው መፍቀድ ነው። ስለዚህ ወደ አጥሩ መሄድ የቀረው አንድ መንገድ ነበር፤ የፊቱን መስመር በአንድ ቦታ ሰብሮ ቢያልፍ ወይም ቢያንስ ገፍቶ ቢያስደነግጠው የሚወጣበት ጊዜ ያገኛል። በግንባሩ ያለው ውጊያ የተጀመረው ከቶቢጋሱ በፊት ጎሕ ሲቀድ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህ ቢሆን እንኳ ከጧቱ አጋማሽ በኋላ ለምን እንደቀጠለ የሚያስረዳው የኋላው መዘጋት ነው።

የቀኑን ውጊያ ኦታ በአምስት ማዕበል ይከፍለዋል። ግንባር ቀደሙ ያማጋታ ማሳካጌ ከበሮ እያስመታ ሲመጣ በጠመንጃ ተመትቶ ተመለሰ፤ ሁለተኛ የሺንገን ወንድም ሾዮከን፣ ሦስተኛ ቀይ ለባሾቹ የኦባታ ሰዎች፣ አራተኛ ጥቁር ለባሾቹ የታኬዳ ኖቡቶዮ ሰዎች፣ አምስተኛ ባባ ኖቡሃሩ እየተተካኩ መጡ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የኖቡናጋ ወገን ጦሩን ወደ ፊት ሳያስወጣ ተኳሾችን ብቻ እየጨመረ፣ ተራ እግረኛ እያስወጣ ጠላትን እየሳበ ይመልሳል። ትግሉ ከፀሐይ መውጫ እስከ ከሰዓት በኋላ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ቆይቷል። ይህ ርዝመት ራሱ ለጥያቄዎ መልስ ይሰጣል፤ የታኬዳ ጦር በአንድ ግልቢያ በአጥር ላይ ተከምሮ ቢያልቅ ኖሮ ውጊያው እስከ ቀትር እንኳ ባልቆየ ነበር። የሳናዳ ወንድማማቾች ኖቡትሱናና ማሳቴሩ፣ ትሱቺያ ማሳትሱጉ፣ ሃራ ማሳታኔ፣ ያማጋታ በትግሉ ወደቁ። ካትሱዮሪ ሠራዊቱ ሳስቶ ማፈግፈግ ሲጀምር ኦዳና ቶኩጋዋ ከአጥሩ ወጥተው አሳደዱ፤ የከፋው እልቂት የደረሰውም ያን ጊዜ፣ ገደሉና ወንዙ በከለከለው ሠራዊት ላይ ነው። ባባ ኖቡሃሩና ናይቶ ማሳቶዮ ደጀን ሆነው ጌታቸው እስኪያመልጥ ቆመው ሞቱ። ኦታ ስለ ባባ ያን ቀን ያደረገው ወደር የለውም ብሎ መጻፉ፣ ከጠላት ጸሐፊ የመጣ ምስጋና ስለሆነ፣ ባነበብኩት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ስለ ሙታን ቁጥር ኦታ የሚሰጠው 10,000 እጅግ የበዛ ይመስለኛል፤ የአዝማቾቹ ስም ዝርዝር ግን የማያጠራጥር ነው፤ ለታኬዳ ቤት የጎዳውም ይኸው የስም ዝርዝር ነበር።

ስለ «ፈረሰኞቹ» አንድ ነገር ማረም አለብኝ። በአእምሯችን የሚመጣው ትላልቅ ፈረሶች በአንድ መስመር እየጋለቡ የሚመጡበት ሥዕል ከአውሮፓ የተወሰደ ነው። የጃፓን የአገር ፈረስ ትንሽ ነው፤ ዛሬም ያለው የኪሶ ዝርያ፣ በካማኩራም የተገኙት የ14ኛው መቶ ዘመን የፈረስ አጽሞች ወደ 130 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያላቸው ናቸው። በፈረስ የሚሄደው ባለ ማዕረጉ ሲሆን፣ በዙሪያው ጦር ያዥ፣ ቀስተኛና አሽከር በእግሩ ይከተለዋል፤ እንግዲህ የታኬዳ ሠራዊት ብዙኃን እግረኛ ነበር። በጃፓን የኖረው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ሉዊስ ፍሮይስም ጃፓናውያን ለመዋጋት ከፈረስ እንደሚወርዱ ጽፏል። አንዳንድ ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው በናጋሺኖ በፈረስ ማጥቃት ፈጽሞ አልነበረም ይላሉ። እኔ ወደዚያ አልሄድም፤ ኦታ የኦባታን ሰዎች በፈረስ የተካኑ እንደሆኑና በፈረስ ሊገቡ እንደሞከሩ ይጽፋልና፣ አጥሩም ያለ ምክንያት አልተተከለም። ነገር ግን በጭቃ ማሳና በጅረት መካከል የሚሄድ ድብልቅ ጓድን ነው ማሰብ ያለብን፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራውም በእግር የሚዋጋው ነው።

ታኬዳዎችም ጠመንጃን የናቁ ኋላ ቀሮች አልነበሩም። ሺንገን ጠመንጃ ቀደም ብሎ ገዝቷል፤ ቤቱም ለባላባቶቹ በሚያወጣው የክተት ትእዛዝ ጠመንጃና ጥይት ይዘው እንዲመጡ ያዛል። ችግራቸው የሚተኮሰው ነገር ነበር። ባሩድ ለመቀመም የሚያስፈልገው የናይትሬት ጨው በአብዛኛው ከውጭ በባሕር ይገባል፤ እርሳሱም ቢሆን የአገሩ ብቻ አይበቃም፤ የዘመኑ ጥይቶች በቤተ ሙከራ ሲመረመሩ አንዳንዶቹ ዛሬ ታይላንድ ከሚባለው አገር ማዕድን የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ንግድ የሚገባው በምዕራብ ወደቦች፣ በተለይም በሳካይ በኩል ሲሆን፣ ኖቡናጋ ወደ ኪዮቶ ከገባበት ከ1568 በኋላ ሳካይን በእጁ አድርጓል። ካይ ግን በተራራ የታጠረ የመሐል አገር ነው። ለግማሽ ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ መተኮስ የሚችል ጦር ማለት ባሩድ የማያልቅበት ጦር ማለት ነው፤ በሺታራጋሃራ የታየው የጠመንጃ ብልጫ፣ በእኔ ግምት፣ ከረድፍ ሥርዓት ይልቅ ከዚህ የወደብ ቁጥጥር የመጣ ነው።

ታዲያ ካትሱዮሪ ጥፋተኛ አልነበረም ወይ? ነበር፤ ጥፋቱ ግን ጥያቄዎ ከገመተው ሰዓት በፊት የተፈጸመ ነው። ወደ አጥሩ መሄዱ የቀረው መንገድ ስለነበር በዚያ አልከሰውም፤ የምከሰው የጠላትን ብዛት ሳያረጋግጥ ወንዙን በመሻገሩና ለኋላው በቂ ጥበቃ ባለመተዉ ነው። ቶቢጋሱ ለሠራዊቱ ብቸኛ የመመለሻ መክፈቻ ስለነበር ከበባ ከሚያደርግ ጥቂት ሰው በላይ የሚገባው ቦታ ነበር። ይህን ደግሞ ከክብር ጥያቄ ለይቼ ማየት አልችልም፤ አዲስ ወራሽ ሆኖ፣ ኖቡናጋና ኢየያሱ በአንድ ቦታ ፊቱ ቆመው ሳለ፣ አንድ ትንሽ ምሽግ እንኳ ሳይዝ ወደ ካይ መመለስ ማለት በድንበር ባላባቶች ፊት መዋረድ ነበር። በዚያ ዘመን ጃፓን የባላባት ታማኝነት ጌታው ሊጠብቀው በመቻሉ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ የካትሱዮሪን ስሌት ስሕተት ይለዋል እንጂ እብደት አይለውም።

በመጨረሻም ታኬዳዎች «በአንድ ቀን» አልጠፉም። ካትሱዮሪ ወደ ካይ ተመልሶ ሠራዊቱን እንደገና አቋቋመ፤ የሞቱትን አዝማቾች ቦታ በወንድሞቻቸውና በልጆቻቸው ሞላ፤ በዚህ መንገድ ከሳናዳ ቤት ሦስተኛው ልጅ ማሳዩኪ የሁለቱ ወንድሞቹ ወራሽ ሆኖ ወጣ፣ በኋላም በዘመኑ ከተደነቁ የጦር ጥበበኞች አንዱ ሆነ። ቤቱ ከዚያ በኋላ 7 ዓመት ያህል ኖሯል። ያዳከመው ሌላ ሰንሰለት ነው፤ በ1578 የተነሣው የጎረቤቱ የኡዬሱጊ ባላባት ቤት የውርስ ጠብ ከሌላው ጎረቤት ከሆጆ ቤት ጋር የነበረውን ወዳጅነት አፈረሰበት፤ በ1581 ታካተንጂን በኢየያሱ ከበባ ሲጨነቅ ረዳት መላክ አልቻለም፤ ይህም ታኬዳ የራሱን ሰዎች አያድንም የሚለውን ወሬ በየምሽጉ አደረሰ። በ1582 መጀመሪያ ላይ ኪሶ ዮሺማሳ ከዳ፤ የገዛ ዘመዱ አናያማ ኖቡኪሚ ከዳ፤ በመጨረሻም ኦያማዳ ኖቡሺጌ በሩን ዘጋበት። ካትሱዮሪ ከሚስቱና ከልጁ ጋር በታኖ መንደር ሞተ። ኖቡናጋም ከጥቂት ወራት በኋላ በሆንኖጂ ቤተ መቅደስ በገዛ አዝማቹ በአኬቺ ሚትሱሂዴ ተከቦ ሕይወቱን አጣ። የታኬዳ ወታደሮች የተረፉት ብዙዎቹ ወደ ኢየያሱ ገቡ፤ እርሱም ከፊሎቹን ለኢይ ናኦማሳ ሰጥቶ በያማጋታ ልማድ ቀይ ልብሰ ብረት አስለበሳቸው፤ እነዚሁ ቀይ ለባሾች በ1600 በሴኪጋሃራ ከኢየያሱ ሠራዊት ፊት ተሰለፉ።